የናዝሬት ቤት፤ ስለ አገልግሎት ለሴት ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተጻፈ ምክር

ይህች የምንኖርባት ከተማ ሁለት ስም አላት። አዳማ የሚለው ቁልቋል ከሚባለው ዛፍ የኦሮምኛ ስም የወጣ ነው ይባላል። ናዝሬት የሚለውን ግን ያወጡላት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ በዚሁም ስም ብዙ ዘመን ከተጠራች በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓመት ወደ ቀደመ ስሟ ተመለሰች። የመኪና ረዳቶች ግን ዛሬም በመናኸሪያው ቆመው «ናዝሬት፥ ናዝሬት» እያሉ ይጣራሉ። ስለ ስሙ ለመከራከር ብዬ ብዕር አላነሣሁም፤ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁና። ነገር ግን ናዝሬት ብሎ የሚጠራ ክርስቲያን ሁሉ አንድ ነገር ቢያስብ መልካም ነው፤ ይኸውም ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በምድር ላይ ከኖረው ዕድሜ የሚበዛውን ያሳለፈው በዚያች በተናቀች መንደር መሆኑ ነው። ለማስተማርና ተአምራት ለማድረግ ሦስት ዓመት ያህል በቃው፤ በእናቱ ቤት ለመታዘዝ፥ እንጨት ለመጥረብ፥ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ወጥቶ ለመግባት ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ሰጠ። ናትናኤል ስለዚያች መንደር በሰማ ጊዜ ከእርሷ መልካም ነገር ይወጣል ብሎ አላመነም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም፥ ማንም አላጨበጨበለትም፤ ቢሆንም ያ ዘመን ከንቱ አልነበረም።

በአዲስ አበባም በዚሁ በናዝሬት ስም የሚጠራ የካቶሊካውያን የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አለ። በእኛም በስምጥ ሸለቆው መንገድ ደናግል እኅቶች ያስተምራሉ፤ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ያሉት የሳሌዥያን እኅቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። እነዚህን እኅቶች ከዮሐንስ ቦስኮ ጋር በ1872 ዓመት የመሠረተቻቸው ማርያ ማዛሬሎ የኢጣልያ ገጠር ልጅ፥ በመርፌ ሥራ የምትተዳደር ሴት ነበረች፤ ጽሕፈትንም የተማረችው በሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት በኋላ ስለምመለስበት ነው። (የውጭውን ታሪክ ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የአገራችንን ሕግ ግን በራሳችን አቆጣጠር።)

አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲል ይጠይቀኛል፤ «በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ ካቶሊካውያን አይደሉም፤ ታዲያ የእምነት ትምህርት እንዴት ይሰጣል?» ጥያቄው ቅን ነው። በአገራችን የካቶሊካውያን ቁጥር ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በአንድ ወንበር ላይ የኦርቶዶክስ ልጅ፥ የሙስሊም ልጅ፥ የጴንጤ ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይቀመጣሉ። ሕገ መንግሥቱም በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ አዝዟል። ስለዚህ መምህርቲቱ በሒሳብ ሰዓት ሒሳብን፥ በታሪክ ሰዓት ታሪክን ታስተምራለች እንጂ ሃይማኖቷን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አትጽፍም። የራሳችን ልጆች ትምህርተ ክርስቶስን የሚማሩት ከክፍል ውጭ፥ በጸሎት ቤትና በሰንበት ነው። እንግዲህ ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈውን ሃይማኖት የቀሩት ልጆች ከየት ያነቡታል? ከመምህርቲቱ አኗኗር ያነቡታል፤ ደግሞም ለድሃው በሚደረገው አገልግሎት። እኔ ይህን እንደ ጉዳት አላየውም። በቃል የማይሰበክ እምነት በእጅ ሊሰበክ ግድ ይሆንበታልና።

ስለዚህ ነገር ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ የሚበልጥብኝ በካልካታ የሆነው ነው። እማሆይ ቴሬዛን የማያውቅ የለም፤ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የእኅቶቿን ቤት በር ያላየ ከተሜም ጥቂት ነው፤ ወደ አገራችን የገቡት በ1973 ዓመት ነው። ነገር ግን እርሷ አስቀድማ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አስተማሪ እንደ ነበረች ብዙ ሰው አያስብም። ከ1931 ዓመት ጀምሮ በካልካታ በእንታሊ ሰፈር በቅድስት ማርያም ትምህርት ቤት ጂኦግራፊና ታሪክ ታስተምር ነበር፤ በ1944 ዓመትም ዋና አስተማሪ ሆነች። ትምህርት ቤቱ በግንብ የታጠረ ነው። ከግንቡ ማዶ ሞቲ ጂል የሚባል የድሆች መንደር ነበረ። መነኮሳይያቱ በሥርዓታቸው ምክንያት ከቅጥሩ አይወጡም ነበርና ቴሬዛ ያን መንደር ከበላይ ታየው ነበር እንጂ አትገባበትም። ወደዚያ ይገቡ የነበሩት ተማሪዎቿ ናቸው። በማኅበር ተሰብስበው ከአንድ ካህን ጋር ድሆቹንና በሆስፒታል የተኙትን ይጠይቁ ነበር፤ ተመልሰውም ያዩትን ይናገሩ ነበር።

አስተውል እንግዲህ፤ ግንቡን አስቀድመው የተሻገሩት ልጆቹ ናቸው፥ መምህርቲቱ ተከተለቻቸው። በ1948 ዓመት ከዚያ ግቢ ወጥታ ወደ መንደሩ ገባች። በሚከተለው ዓመት በመጋቢት ወር ሱባሺኒ ዳስ የምትባል የቀድሞ ተማሪዋ መጥታ አብራት ለመኖር ለመነቻት፤ የመጀመሪያይቱ ተከታይ እርሷ ናት። ስሟንም አኜስ አለችው፤ ይህ የቴሬዛ የጥምቀት ስም ነው። ከእርሷ በኋላም የመጡት ብዙዎቹ ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ነበሩ። በዚያ ግቢ የተዘራው ዘር ይህን ያህል አፈራ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በከተሞቻችን ያሉ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያንንና ድውያንን ይጠይቃሉ፤ ልብስ ያጥባሉ፥ ጠጉር ያበጥራሉ፥ ውኃ ያጠጣሉ። ይህን እያየሁ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ሁለት አደጋ አያለሁ። አንዱን በአጭሩ ልናገር፤ ፎቶግራፍ ነው። ልጅቱ ዳቦ ለሽማግሌው ስትሰጥ ሌላይቱ ስልኳን ታነሣለች፤ ሽማግሌው ዳቦውን ለመቀበል መሳቅ ግድ ይሆንበታል። ጌታ ስለ ምጽዋት ሲያስተምር መለከት ማስነፋትን የነቀፈው ለዚህ ነው። ስልኩን በቤት መተው ይበቃል፤ ከዚህ በላይ አላብራራም።

ሁለተኛው አደጋ ግን የተሸሸገ ነው፤ ከሌላ ሰው ቤት ወስጄ አላሳይህም፥ ከራሴ ቤት እጀምራለሁ።

እኔ በልደት ከዚህች ቤተ ክርስቲያን አልነበርሁም። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ቁርሴን እየበላሁ ፊደል ቆጠርሁ፤ ካደግሁ በኋላ በገዛ ፈቃዴ ገባሁ፥ ሰባኬ ወንጌልም ሆንሁ። ስለዚህ አንድ የድሃ ልጅ መጽሐፍ ቢሰጡት ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር። ይህን የምለው በደሌ እንዲቀልልኝ አይደለም፤ እንዲከብድ ነው እንጂ።

ከአራት ዓመት በፊት አንዲት የምናውቃት ነጋዴ ሴት ከአርሲ ገጠር አንዲት ልጅ አመጣችልን፤ ያን ጊዜ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ለእናቷ «ያስተምሯታል» ተብሎ ተነግሯል፤ እኔም በራሴ አፍ «እናስተምራታለን» ብያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት «ቤቱን ትልመድ» አልን። በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ ታመመች፥ ልጅቱም አስታመመቻት። በሦስተኛው ዓመት ምንም ምክንያት አላስፈለገንም፤ ነገሩ ተረስቶ ነበርና። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ከሰል ታቀጣጥላለች፤ የልጄን የትምህርት ቤት ልብስ ትተኩሳለች፤ በእኩለ ቀን የምሳ ዕቃውን ይዛ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ትሄዳለች፤ ለዘበኛው ሰጥታ ትመለሳለች። አራት ዓመት ሙሉ ወደዚያ በር ሄዳ አንድ ቀን እንኳ አልገባችም። ሌሊት ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ትተኛለች። ደመወዟን ያመጣቻት ሴት ትቀበልላት ነበር። እኛም «እንደ ልጃችን ናት» እንል ነበር። (ይህን ቃል የምትናገር አንባቢ ሆይ፥ ልጅህ በምትተኛበት ክፍል ትተኛለችን?)

አንድ ዓርብ ማታ ለእሑድ የሚሆነኝን ስብከት እያዘጋጀሁ ሳለሁ ልጄ ደብተሯን ይዛ መጣች። ስብከቱም ጌታ በመጨረሻው ቀን በጎችን ከፍየሎች ስለሚለይበት ክፍል ነበር። የአገልግሎቱ ኃላፊ የሆነችው እኅት ተማሪዎቹን እንዲህ ብላ አዝዛቸዋለች፤ ነገ ድውያንን ለመጠየቅ ከመሄዳችሁ በፊት፥ ዛሬ ጠዋት በቤታችሁ እሳት ያነደደውን ሰው ስም ከነአባቱ ጽፋችሁ አምጡ።

«አባባ፥ የአባቷ ስም ማን ነው?» አለችኝ።

«እኔን ከምትጠይቂ ሄደሽ እሷን አትጠይቂያትም?» አልኋት።

«አፈርሁ። አራት ዓመት አብራን ስትኖር አሁን እንዴት ብዬ ልጠይቃት?»

እኔም ዝም አልሁ። ባለቤቴን በዓይኔ ጠየቅኋት፤ እርሷም አንገቷን ደፋች። በዚያን ጊዜ ተኝቷል ያልነው የሰባት ዓመት ልጃችን ከአልጋው ላይ ሆኖ ስሙን ከነአያቱ ጠራው። ማታ ማታ ስታስተኛው ተረት ትነግረው ኖሯል፤ ስለ አባቷና ስለ አባቷ ፈረስ ነግራዋለች፤ አባቷ እንደ ሞተም ነግራዋለች። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የራሷ ነውና።

ያን እሑድ ያን ስብከት አልሰበክሁም። ከመጻሕፍት ሌላ ክፍል መርጬ አነበብሁ፤ ሕዝቡ ምክንያቱን አላወቀም።

በማግሥቱ ልጅቱን ጠርቼ ስሟን ከነአባቷ በጠራሁ ጊዜ ደነገጠች። «ጋሼ፥ ሊያሰናብቱኝ ነው?» አለች። ሙሉ ስሟ የተጠራበት ቀን የክፉ ወሬ ቀን መስሏት ነበር። ስለ ትምህርት ስነግራትም አላመነችኝም፤ ደግሞም እውነት ነበራት፥ አንድ ጊዜ ዋሽቻታለሁና።

አንባቢ ሆይ፤ በነቢዩ በኤልሳዕ ዘመን በሶርያው የጦር አለቃ በንዕማን ቤት ከእስራኤል ተማርካ የመጣች አንዲት ታናሽ ብላቴና እንደ ነበረች ታስታውሳለህ። ስሟ አልተጻፈም። ጌታዋ በለምጽ ሲሠቃይ አይታ የሚፈወስበትን መንገድ ለእመቤቷ የነገረቻት እርሷ ናት። የሶርያ ንጉሥ ለእስራኤል ንጉሥ ደብዳቤ ጻፈ፥ ወርቅና ብር ተጫነ፤ ይህ ሁሉ ግን የጀመረው ከአንዲት አገልጋይ ቃል ነው። በቤታችን ያለችውን ልጅ «ገረድ» ብለን የምንጠራት እኛ ስንት ጊዜ ቃሏን ሰምተን እናውቃለን?

ከዘመናችን የሚቀርብ ሌላ ምስክር አለ። በጎረቤታችን በሱዳን ምድር በ1869 ዓመት ገደማ የተወለደችው ባኪታ በልጅነቷ ተሰርቃ በባርነት ተሸጠች። ብዙ ጌቶች ተፈራረቁባት፤ በመጨረሻም በአንድ የኢጣልያ ቆንሲል እጅ ወደ ኢጣልያ ሄደች፥ በዚያም ሚኪዬሊ ለሚባል ቤተሰብ ተሰጠች። ሥራዋ ሚሚና የምትባለውን ትንሽ ልጃቸውን መጠበቅ ነበር። ወላጆቹ ወደ ሱዳን ሲመለሱ ልጃቸውንና ባኪታን በቬኒስ ከተማ በካኖሳ እኅቶች ቤት አኖሯቸው። ባኪታ ወደዚያ የገባችው ሞግዚት ሆና ነው እንጂ ተማሪ ሆና አይደለም፤ ነገር ግን እኅቶቹ በሩ ላይ አላስቀሯትም፥ ለእርሷም አስተማሯት። እመቤቲቱ መጥታ ልትወስዳት በፈለገች ጊዜ «አልሄድም» አለች። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኞቹም በኅዳር ወር 1889 ዓመት ነጻ ሴት መሆኗን ፈረዱላት። በሚከተለው ጥር ወር በራሷ ፈቃድ ተጠመቀች። በ1947 ዓመት እስክታርፍ ድረስ ብዙ ዘመን በስኪዮ ከተማ በእኅቶቹ ቤት ኖረች፤ ወጥ ሠራች፥ ልብስ ሰፋች፥ በር ጠበቀች። በጥቅምት ወር 2000 ዓመት ቅድስት ተባለች። እኔ ይህን ታሪክ ደጋግሜ የተናገርሁ ሰው ነኝ። የሚያሳፍረኝም ይህ ነው፤ የራሴ ቤት ልጅ የምሳ ዕቃ ይዛ በር ላይ ቆማ ስትመለስ የባኪታን ታሪክ በመንበር ላይ እናገር ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን በነገርኋቸው ጊዜ፥ «መልካም ነው፤ አሁን እንግዲህ ወንጌልን ስበክላት» አሉኝ። ልጅቱ ሙስሊም ናት። ለእነርሱ የመለስሁላቸውን ለአንተም እነግርሃለሁ። እንጀራዋ በእጄ ነው፥ መኝታዋ በቤቴ ነው፥ ትምህርቷም በፈቃዴ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኔ ብሰብካት እንዴት «እንቢ» ትለኛለች? «እንቢ» ለማለት የማይችል ሰው «እሺ» ቢል እሺታው በእግዚአብሔር ዘንድ አይቆጠርም። የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤም በ1965 ዓመት ስለ ሃይማኖት ነጻነት በጻፈው መልእክት ማንም ሰው በእምነት ነገር እንዳይገደድ አስተምሯል። እኔ ራሴ በገዛ ፈቃዴ ስለ ገባሁ የዚህን ዋጋ አውቃለሁ። ከዚህ ይልቅ ቀድሞ ያላሰብነውን አሰብን። በየፋሲካው እኛ ዶሮ ስንበላ እርሷ የእኛን ሥጋ ስለማትበላ ሽሮ ትበላ ነበር፤ አራት ፋሲካ እንዲህ አለፈ። አሁን በበዓል ቀን ከሙስሊም ሥጋ ቤት ለእርሷ ይገዛል፥ በራሷም ድስት ይሠራል። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን አራት ዓመት አላየነውም።

ትምህርቱ እንዴት እንደ ሆነ ታሪኩ ሁሉ ማር እንዳይመስልህ እውነቱን ልንገርህ። በማታ ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ባለቤቴ፥ «እንጀራውን ማን ይጋግር?» አለች። ይህን ስላለች አትፍረድባት፤ እርሷም በገበያ ሱቅ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ የምትውል ሴት ናት፥ በቤታችንም እንጀራ መጋገር የማይችል ወንድ ያለው እርሷ አላደረገችውም። ሥራውን ተከፋፈልን። ልጄ የመጀመሪያውን እንጀራ በጋገረች ቀን ዓይን የሌለው ሆነ፥ ጫፉም አረረ፤ እኛም እርሱኑ በላን። እኔ ጫማዬን ራሴ መጥረግ ጀመርሁ፤ ልብሴንም ራሴ ተኮስሁ፥ አንድ ሸሚዝም አቃጠልሁ። ልጅቱ ደግሞ በዐሥራ ሰባት ዓመቷ የፊደል ገበታ ፊት መቀመጥ አፈረች፤ ሁለት ጊዜ አቋርጣ ነበር። በዚህ ጊዜ ልጄ በመጽሐፍ ያነበበችውን የማርያ ማዛሬሎን ነገር ነገረቻት፤ በሠላሳ አምስት ዓመቷ መጻፍ የተማረችውን። ልጅቱም ሳቀችና «እንግዲያስ ገና ልጅ ነኛ» አለች።

አንድ ቅዳሜ ልጄ የልብስ አጠባው ተራ ስለ ደረሰባት ወደ ድውያኑ ሳትሄድ ቀረች። ሰኞ ለእኅት ምክንያቷን ነግራ፥ ያ ሥራዋ በአገልግሎት መዝገብ እንዲጻፍላት ጠየቀች። እኅትም አልጻፈችላትም። «የራስሽን ልብስ ማጠብሽ አገልግሎት አይደለም፤ ዕዳሽን መክፈልሽ ነው። አገልግሎት የሚጀምረው ዕዳሽን ከጨረስሽ በኋላ ነው» አለቻት። ልጄ እያለቀሰች መጣች። እኔም በመጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ ሌሊቱን ሳስበው ግን በዚያ መዝገብ የእኔም ብዙ ገጽ እንደሚሰረዝ አየሁ።

አንቺ ተማሪ የሆንሽ፥ ይህን ገጽ በእጅሽ የያዝሽ ልጄ ሆይ፤ ድውያንን መጠየቅሽን አትተዪ። ነገር ግን ከመሄድሽ በፊት የተኛሽበትን አልጋ አንጥፊ፥ የበላሽበትን ሳሕን እጠቢ። በቤትሽ ያለችው ልጅ ዕድሜዋ ካንቺ ጋር እኩል ይሆናል። ፊደል የማታውቅ ብትሆን በቀን ግማሽ ሰዓት ስጫት፤ እናትሽ ከልክላ እንደ ሆነ እናትሽን ለምኛት። ቋንቋዋ ኦሮምኛ ከሆነ ደግሞ አንቺ ከእርሷ ተማሪ። እርሷ መምህር ስትሆን ሌላ ሰው ትሆናለች፤ እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፥ ልጄን ስለ አነጋገሯ ስትገሥጻት ድምፅዋ እንደ እመቤት ሆኖ ነበር።

አንተም የቤት ጌታ ሆይ፤ ሕጉን እወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅን መቅጠር ይከለክላል፤ ከዐሥራ አምስት እስከ ዐሥራ ስምንት ያሉትም በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ፥ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ድረስም እንዳይሠሩ ያዝዛል። «ይህ አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም» ብለህ እንደምትመልስልኝ አውቃለሁ፤ እውነትም የቤት ውስጥ ቅጥር በሌላ ደንብ እስኪደነገግ ድረስ ከአዋጁ ውጭ ተትቷል። ይሁን እንጂ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ማንም ልጅ ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፥ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራም እንዳይሠራ ደንግጓል። ደግሞስ ሕጉ ለፋብሪካ ልጅ የከለከለውን ክርስቲያን በጓዳው ሊያደርገው ይገባዋልን? የእኛ ቤት ልጅ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፥ ሥራዋም በቀን ዐሥራ ሰባት ሰዓት። በወረቀት ጻፍሁትና ደመርሁት። አንተም ጽፈህ ደምረው። ደመወዟን ለአመጣት ሰው አትስጥ፥ በእጇ ስጣት። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይኑራት፤ ያም ቀን እርሷ የመረጠችው ይሁን። ሐኪም ቤት ስትሄድ አብረሃት ሂድ።

ልጅቱ ዛሬ ፊደሉንም ቁቤውንም ታነባለች። ልቧ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አላመነንም፤ አንዳንድ ጊዜ በድንገት ስጠራት ያ የመጀመሪያው ድንጋጤ በፊቷ ላይ ይመለሳል። በሚመጣው ዓመት ከእኛ ጋር መኖሯንም አላውቅም፤ ዝዋይ ወዳለች አክስቷ ሄዳ የልብስ ስፌት ልትማር እንዳሰበች ለታናሹ ልጄ ነግራዋለች፥ እርሱም እንደ ልማዱ ለእኛ አወጣው። ከሄደች እንሸኛታለን።

ደመወዟን በራሷ እጅ በተቀበለች በሦስተኛው ወር፥ ስሟን ከነአባቷ ጽፋ ለእናቷ ገንዘብ ላከች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአሰላ የመጣ የመኪና ረዳት በመናኸሪያው ደውሎ ጠራን፤ አንድ ቅል ሙሉ ጭኮ ነበር፥ በቅቤ የታሸ፥ በጨርቅ የታሰረ። እናትየዋ «ይህ ለልጄ እኅት ነው» ብላ የልጄን ስም አስጽፋበታለች። ወቅቱ ዓቢይ ጾም ስለ ነበረ እኛ ልንቀምሰው አልቻልንም። ለልጅቱም ረመዳን ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከጭኮው ቆርሳ ጾሟን ፈታች። ልጄም አጠገቧ ተቀምጣ ውኃ ቀዳችላት። የቀረው በመደርደሪያው ላይ ተቀመጠ፤ ጭኮ አይበላሽምና እስከ ፋሲካ ድረስ ቆየን።